ከጎን የተሣለ ፊት

ጎባ፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፰፻፺፱ ዓመተ ምሕረት

ይድረስ ከልጄ ልጅ ከገብረ መድኅን፤ መንዝ።

እንዴት ከርመሃል? ክረምቱ እንዴት አለፈልህ? እናትህ አሰገደች ጉልበቷን ተሻላት? ላሟስ ወለደች? ዘመዱን ሁሉ በያለበት ሰላም በልልኝ፤ በየስሙ ከጠራሁ ደብተራ ብዙነህ ቀለሙ ያልቅበታል፣ የረሳሁት ደግሞ ይቀየመኛል። እኔ አያትህ ወለተኢየሱስ፣ የመንዝ አምላክ እስከ ባሌም መንገዱን አይስትምና፣ ልጄን አባትህን ተከትዬ በወረድሁበት ይኸው አለሁ።

እኔ ከፊደል ጋር ገና ከሀ ሁ ላይ ነው የተጣላነው። የምናገረውን የሚጽፍልኝ ብዙነህ ነው። «እሜቴ፣ ይህ ለደብዳቤ አይሆንም» ይለኛል። የምልህን ጻፍ፣ ልጁ ሲያነበው ድምፄን ካልሰማ የኔ ደብዳቤ አይደለም አልሁት። ይህንንም ጻፈው ብዙነህ። ምን ታየኛለህ? ጻፈው!

የላክህልኝ የብራና ቁርጥራጭ በማር ነጋዴው እጅ ደረሰኝ። የሥዕል መምህርህ የሚጥለውን ጠርዝ ሁሉ ለኔ ብለህ መልቀምህ፣ እጅህ ይባረክ። አርባ ሁለቱን በጅማት ሰፍቼ ጥራዝ አደረግሁት። በቀን አንድ ሥዕል። ክረምት ነው፣ ጾም ነው፣ ወገቤን ቆረጠመኝ የለም። ላሞቹ ከወጡ በኋላ፣ ፀሐይ ከደጃፉ ሳታልፍ፣ በርጩማዬን ይዤ እቀመጣለሁ። ፊቴ ያገኘሁትን ነው የምሥለው። ላም ከሆነች ላም፣ ድስት ከሆነ ድስት። ጥቁሩን ከጥላሸትና ከሙጫ አዋሕጄ እሠራለሁ፤ ቀዩን ከተራራው የሚያመጡልኝ አፈር ይሰጠኛል። ረቡዕ ሮቤ ገበያ ስወርድም ጥራዙን በነጠላዬ ጠቅልዬ ነው።

መጀመሪያ ጎረቤቶቹ ክታብ የምጽፍ መስሏቸው ነበር። አንዷ ለራስ ምታቴ ጻፊልኝ ብላ ዶሮ ታቅፋ መጣች። መጻፍ አላውቅም ብላት አልሰማ አለች፤ ዶሮዋን ሣልሁላት። ራስ ምታቱ ለቀቀኝ ብላ እስከ ዛሬ ትምላለች። ዶሮዋን ግን ይዛ ሄደች።

ልጅ ሳለሁ አባቴ ግድግዳ ለስኖ ሳይደርቅ በከሰል በግ ሞላሁበት። አለንጋውን አነሣ። ከዚያ ቆም ብሎ በጎቹን ቆጠረ። «ከኛ በጎች በሁለት ይበልጣሉ፤ ሀብታም አደረገችኝ» ብሎ ሣቀ። ግድግዳው ዳግም ሳይለሰን ሁለት ዓመት ቆየ። እንግዳ ሲመጣ ያሳይ ነበር። አሁን ከሰል ባነሣሁ ቁጥር ያ ሣቅ ይሰማኛል።

ዓርብ ዓርብ ፊቴ ያለውን ትቼ ያገሬን ነው የምሥለው። የጓሳ ሣር ክዳኑን፣ የድንጋይ ካቡን፣ የሱፍ ባናውን ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ። እና አንድ ነገር ጠፋብኝ። የቤታችን በር ወደ ምሥራቅ ነበር ወይስ ወደ ደቡብ? ሃያ ዓመት ሙሉ የወጣሁበት የገባሁበት በር! ሦስት ዓርብ በር የሌለው ቤት ሣልሁ። እናትህን ጠይቀህ ጻፍልኝ።

ዐሥሩን ቅጠል ከጥራዙ ፈትቼ ልኬልሃለሁ። ሰማያዊ ቀለም ካገኘህ ትንሽ ላክልኝ፤ እዚህ የለም፣ ሰማዬ ሁሉ ባዶ ነው።

አባትህ ደኅና ነው።

ቀለሙ እንጂ ወሬዬ አላለቀም። አያትህ።


መንዝ፣ ጥር ፳፫ ቀን ፲፰፻፺፱ ዓመተ ምሕረት

ይድረስ ከአያቴ ከእሜቴ ወለተኢየሱስ፤ ጎባ።

መድኃኔ ዓለም ጉልበትዎን ያጽና፣ ብርሃንዎን አያሳጣዎ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ላሟ ወንድ ጥጃ ወለደች። እናቴ እግርዎን ስማለች። በሩ ወደ ምሥራቅ ነው ብላለች፤ መድረኩ ላይ ያለው ድንጋይ ከመካከሉ የተሰነጠቀ ስለሆነ እሱንም አይርሱት ትላለች።

ሰማያዊውን በጨርቅ ቋጥሬ ልኬአለሁ። መምህራችን ገብረወልድ ለኛም በቁንጣሪ ነው የሚሰጠን፤ ማነሱን ይቅር ይበሉኝ። ሥዕሎችዎን አሳየሁት። «ከማን ቀዳች?» አለኝ። ከማንም አልሁት። «ከማንም ካልቀዳች ሥዕል አይባልም» አለ። ግን የላሟን ሥዕል ይዞ ብርሃን ወዳለበት ሄደና ረጅም ጊዜ ቆመ።

አሁን አያቴ፣ በድፍረት እጠይቅዎታለሁ። ከዐሥሩ ቅጠል በአራቱ ውስጥ አንዲት ትንሽ ልጅ አለች። በአንዱ ከጥጃ ጋር ናት፣ በአንዱ ደጃፍዎ ላይ ተኝታለች። በአንዱ ደግሞ ግራ እግሯን ከሥሯ አጥፋ፣ ቀኙን ዘርግታ ተቀምጣለች። እናቴ ይህንን ስታይ ቅጠሉን ከእጄ ወሰደችው። «እንዲህ የሚቀመጥ አንድ ሰው ነው የማውቀው» አለች። ልጅቱ ማን ናት?

ስለ ላሙ፣ ስለ ዶሮው፣ ስለ ብዙነህ ቀለም ሁሉ ይጽፉልኛል። ስለ አባቴ ግን ሰባት ደብዳቤ ቆጠርሁ፤ በሰባቱም «ደኅና ነው» ብቻ ነው። አባቴ ሲዘምት ጡት አልጣልሁም ነበር። እናቴ መልኩን ስትነግረኝ በየዓመቱ ይለወጣል። እኔ ትንሽ ሳለሁ በጣም ረጅም ነበር፤ እኔ ስረዝም እሱ አጠረ።

ፊቱን ሥለው ይላኩልኝ። ለመስቀል ከነጋዴዎች ጋር ወደ ባሌ ልወርድ አስቤአለሁ። ከሰው መካከል እሱን ለይቼ፣ ማንም ሳይጠቁመኝ፣ ራሴ ሄጄ ጉልበቱን መሳም እፈልጋለሁ። ሌላ ለምኜዎት አላውቅም።

ልጅዎ ገብረ መድኅን።


ጎባ፣ ሚያዝያ ፲፰ ቀን ፲፰፻፺፱ ዓመተ ምሕረት

ይድረስ ከገብረ መድኅን።

ጤናህ ይብዛ፣ ዓይንህም አይፍዘዝ። ወይ ዓይን! ምላሴ የሰወረውን እጄ አወጣው።

ስሟ ማሚቱ ነው። ስድስት ዓመቷ። እኅትህ ናት። እናቷ ጫልቱ ትባላለች፣ የዚሁ አገር ልጅ፣ የጎረቤታችን የእመት፣ በነሱ አፍ የአደ ሙሚና ልጅ። አባትህ ካገባት ስምንት ዓመት ሊሞላው ነው። አሰገደች እየጠበቀችው እንደሆነ አውቅ ነበርና አፌን ያዝሁ። ሐሰት አልጻፍሁልህም፤ ዝም ነው ያልሁት። ግን እንደኔ ያለች ለፍላፊ ዝም ስትል ከሐሰትም ይከፋል፤ ይህንን ሌሊት ሌሊት ሳይሆን በጠራራ ፀሐይ እያሰብሁ ነው የማፍረው። አሰገደችን ምን ብዬ ይቅርታ እጠይቃታለሁ? እግሯን ሳምልኝ። ከረገጠችህም ቻለው።

አሁን ስለ ፊቱ። ደብዳቤህን ሰምቼ ወዲያው ጠራሁት።

«ልጅህ መልክህን ይፈልጋል። ና ተቀመጥ» አልሁት።

«ምን ያደርግለታል?»

«ሲመጣ እንዲያውቅህ ነዋ!»

«ካወቀኝ የት ነበርህ ይለኛል» አለ።

«ቢልህስ? አፍ የለህም?»

«የለኝም» ብሎ ወጣ።

ዐሥራ አንድ ቀን ለመንሁት። ፊት ለፊቱ በርጩማዬን ሳስቀምጥ በቅሎዋ ትዝ ትለዋለች። ከሰል ሳነሣ አጥሩ ይፈርስበታል። አንተ፣ ጦር ሜዳ የዋለ ሰው ከአንዲት አሮጊት ከሰል ሲሸሽ አይተህ ታውቃለህ? በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ኮርቻ ሲጠግን አገኘሁት። ሳልለምነው ሄጄ ከጎኑ ተቀመጥሁ። እንደምሥለው ዐውቋል። ፊቱን አላዞረልኝም። ግን አልተነሣም። ከጥዋት እስከ ላሞቹ መግቢያ ድረስ አንዲት ጠፍር ሲሰፋና ሲፈታ ዋለ።

ይኸው ልኬልሃለሁ። ሙሉ ብራና ላይ ነው፣ ከቁርጥራጭ አይደለም። አፍንጫው የአባቱ የባለቤቴ ነው፤ አንተም ሳይኖርህ አይቀርም። ጺሙ ሸብቷል። ጆሮው ሥር ያለችው ጠባሳ የልጅነቱ ናት፣ ከድንጋይ ካቡ ላይ ወድቆ፤ ጦር አይደለም፣ ጦር ነው ካለህ አትመነው። ዕድሜዬን ሁሉ እንደዚህ ያለ ነገር ሥዬ አላውቅም። ሰማያዊህን ለሰማይ ልቆጥበው ነበር፣ ማሚቱ «ለኔ ቀሚስ» ብላ አስጨረሰችኝ።

የሚያመጣልህ አንገቱ ከሚባል አገር ቡና የሚጭን ነጋዴ ነው። ለመስቀል ና። ሥዕሉን ይዘህ ና፣ ፊቱን ከፊቱ ጋር አስተያይ። እዚሁ ደጃፌ ላይ እጠብቅሃለሁ።

የማትሰንፈው አያትህ።


ጎባ፣ ኅዳር ፯ ቀን ፲፱፻ ዓመተ ምሕረት

ይድረስ ከገብረ መድኅን።

ሰላም ነህ? አለህ? መስቀል መጣ፣ ሄደ። ከሰሜን የመጣውን ነጋዴ ሁሉ መንገድ ላይ እየቆምሁ ጠየቅሁ። አንዱ «መንዝ ሰላም ነው» አለኝ። መንዝን ማን ጠየቀው? እኔ አንድ ልጅ ነው የጠየቅሁት።

ሥዕሉ አልደረሰ ይሆን? ነጋዴው ግን በገዛ እጄ ሰጠሁት፣ በስሙ ጠርቼ አስረከብሁት ብሎ በልጆቹ ማለልኝ። ታመህ ይሆን? አሰገደች ይሆን የከለከለችህ? ከሆነም ፍርዷ ነው፣ አልቀየማትም፤ ግን አንዲት ቃል።

እኔ በቀን አንዱን አልተውሁም። አንድ ቀን ከወንዙ ማዶ ያለውን ተረተር ስሥል አደ ሙሚና ወተት ይዛ መጣች። በነሱ አፍ «አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ» ተባባልን። ሥዕሉን አየችውና «ይጎድላል» አለችኝ። ምን ይጎድላል? ይኸው ሣሩ፣ ይኸው ኮሶው። በጣቷ አንድ ባዶ ቦታ ነካች። «እዚህ ላይ የወንድሜ ቤት ነበረ። አራት ትልልቅ ጥድ ነበረው፣ የከብት በረት ነበረው። ሣይው።» ከየት አምጥቼ? ተቀምጣ ነገረችኝ። በሩ በየት በኩል እንደነበረ አልጠፋትም። እኔ የራሴን ሦስት ዓርብ የፈለግሁት!

ሣልሁላት። ቤቱ መቼ ጠፋ፣ ማን አጠፋው ብዬ አልጠየቅኋትም። የመጣነው በጠመንጃ ነው፤ መልሱን ማን ያጣዋል? አባትህ ከኋላዬ ቆሞ ሥዕሉን ሲያይ ነበር። ኮርቻውን አንሥቶ ወጣ፣ ያን ቀን ምሳ አልበላም። በነጋታው ግን «ከመንዝ ደብዳቤ አልመጣም?» አለኝ። በራሱ አፍ! በሕይወቱ የመጀመሪያው ነው።

እንግዲህ እኔም ምን ልበለው?

አያትህ፤ መንገድ መንገድ የምታየው።


መንዝ፣ ጥር ፲፭ ቀን ፲፱፻ ዓመተ ምሕረት

ይድረስ ከእሜቴ ወለተኢየሱስ።

ጤና ይስጥልኝ። ሥዕሉ ደርሶኛል፤ ነጋዴው አልበደለም።

የተማርሁትን እርስዎም ያውቁታል። ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ፊት ለፊት ይሣላል። አንድ ዓይን፣ ከጎን የሚሣለው ሰይጣን ነው፣ ይሁዳ ነው፣ ጌታን የገረፉት ናቸው። ሥዕልዎ በደረሰኝ ሳምንት መምህራችን ምሴተ ሐሙስን፣ የጌታን የመጨረሻ እራት፣ እያሠራኝ ነበር፤ የይሁዳን አንድ ዓይን የሠራሁት እኔ ነኝ። ቅጠሉን ስፈታ ያንኑ ዓይን አየሁት።

በቃል ሊነግሩኝ ያልቻሉትን በሥዕል ነገሩኝ። ተረድቻለሁ። ከሚስትና ከልጅ በላይ ምን እንደሠራ አልጠይቅዎትም። ለእናቴ አሳየኋት፤ በፊቱ ደፍታ መደብ ላይ አኖረችው። እስከ ዛሬ የገለበጠው የለም።

አልመጣም። ሌላ ሥዕልም አይላኩልኝ። የብራናውን ጠርዝ ግን መላኬን አልተውም፤ ይኸው ከዚህ ጋር አለ።

ገብረ መድኅን።


ጎባ፣ ሚያዝያ ፳፱ ቀን ፲፱፻ ዓመተ ምሕረት

ይድረስ ከልጄ ልጅ ከገብረ መድኅን።

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰህ። ሌላውን ሰላምታ ኋላ እመለስበታለሁ፣ አሁን ተናድጃለሁ።

አንተ! የላክሁልህ ላሞች ሁሉ አንድ ዓይን አይደሉም እንዴ? እነሱም ጌታን ገርፈው ነው? ላም ከጎን ስትጋጥ ስንት ዓይኗ ይታይሃል? ሕጉን መች አጣሁት፤ በመንዝ ቤተ ክርስቲያን ያን ሰይጣን እያየሁ አይደል ያደግሁት! ግን ያ ሕግ ለቅዱሳንና ለሰይጣን ነው። ኮርቻ የሚጠግን ሰው ከሁለቱም አይደለም። ከጎኑ ተቀመጥሁ፣ ከጎኑ ያየሁትን ሣልሁ፤ በቃ። መምህርህ ከብራና ወደ ብራና ነው የሚቀዳው። እኔ የምቀዳው ከደጃፌ ነው፤ ደጃፌ ላይ ደግሞ ሰው ዓይኑን ቆጥሮ አይቀመጥም።

ይህንን ቁጣ ጻፍልኝ ስለው ብዙነህ «እሜቴ፣ ትንሽ አብርዱት» አለኝ። አላበርድም። አሁን ግን በረደልኝ፤ የሆነውን ልንገርህ።

ደብዳቤህን ብዙነህ ሲያነብልኝ አባትህ በሩ ጥግ ነበር። አንተ የጻፍኸውን ሁሉ በጆሮው ሰማ። ብዙነህ አጠገባችን ማን እንዳለ ሲያይ ሊዘል ፈልጎ ተንተባተበ፤ አባትህ «አንብበው» አለው። ይሁዳ የሚለውም ተነበበ። እኔ ስለሱ ልሟገት አፌን ከፈትሁ።

«ተዪ እናቴ» አለኝ። «ልጁ ምን አጠፋ? ያየው ያሳየሁትን ነው።»

ከዚያ በርጩማውን አንሥቶ መጣና ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ጉልበቱ ጉልበቴን እስኪነካ። «ዞሬልሻለሁ፤ ሣይኝ» አለ።

ልጄ በየነ እንደዚያ ሲያየኝ ከዘመተ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ከሰሉን አነሣሁ። እና ገብሬ፣ እጄ እምቢ አለኝ። ድፍን ዓመታት ያልሰነፈች እጅ! ፊት ለፊት ሲያየኝ የሚታየኝ ያ ከካቡ ላይ ወድቆ እያለቀሰ የመጣው ልጅ ነው። ጺም ብሥልለትም ልጅ ይሆንብኛል። ሦስት ብራና አበላሸሁ፤ ከላክኸው ጠርዝ ሳይሆን ከሙሉው። ማሚቱ ሦስቱንም አይታ «ይሄ እኔ ነኝ?» አለች።

በሦስተኛው ከሰሉን ከእጄ ወሰደው። ጣቴን በጋቢው ጫፍ ጠረገልኝ። «ብራና አትጨርሺ» አለ። «ፊቴን ራሴ እወስድለታለሁ።»

እንግዲህ ይህን ደብዳቤ በእጅህ የሰጠህ ሰው አሁን ደጃችሁ ላይ ቆሟል። አንብቦ እስኪጨርስ ስምህን አትናገር፣ አትቀመጥም ብዬ አስምዬዋለሁ። ፊቱን ወደ በቅሎዋ ካዞረ ተቆጣው፤ ከኔ ወርሰሃል፣ ቁጣ አያንስህም።

ለምን መጣህ ብለህ ልትጠይቀው ነው፤ ጠይቀው። የት ነበርህ በለው። መልስ አዘጋጅቶ አልመጣም፤ መንገድ ላይ አስብበታለሁ ብሎኛል፣ መንገዱ ደግሞ ረጅም ነው። አሰገደችን ባልሽ ሆኜ ልመለስ አይላትም፤ እዚህ ሚስት አለችው፣ ልጅ አለችው። በሩን ብትዘጋበት የራሷ በር ነው። አንተም ማባረር ካማረህ አባረው። ግን ሥለህ አባረው።

ጫልቱ ጩኮ አሲዛዋለች፤ የተቆላ ገብስ በቅቤ የተለወሰ ነው፣ ለናንተ ነው ብላለች። ማሚቱ አብሬ ካልሄድሁ ብላ ሁለት ቀን አኩርፋናለች። ከበቅሎዋ ጭነት ውስጥም አንዴ አውጥተናታል።

አንድ ነገር ልለምንህ። እኔ ስልሳ ስድስት ሆኖኛል። ክረምቱ ከፊቱ ነው፣ ወንዙ ይሞላል፣ ይመለሳል ቢባልም በጥቅምት ነው፤ ጥቅምት ላይ እኔ መኖሬን ማን ያውቃል። እሱ ሲሄድ፣ ጥዋት ጥዋት ስወጣ ከጎኔ ያለው ቦታ ባዶ ይሆናል። ዛሬ ገና ሳይሄድ እሱኑ ባዶ ቦታ ሣልሁ፤ ሌላ ምን ልሣል?

ብርሃን ወዳለበት አስቀምጠውና ሣልልኝ። መምህርህ ምንም ቢልህ ከማንም አትቅዳ። ለሚመጣው የመጀመሪያ ነጋዴ ስጠው። ከጎኑም ብትሥለው ግድ የለኝም፤ እኔ እንደዚያ ነው የማውቀው።

እናቱ ወለተኢየሱስ።